ፍተሻው በር ላይ፣ ጠቡ መንገድ ላይ

የማስተምረው አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቅር። ባለፈው ሳምንት የተማሪዎች ደህንነት በሚል አጀንዳ ተሰብስበን ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራን። የደረስንበት ውሳኔ ግን አንድ ነው፦ ፍተሻው ይጥበቅ።

ፍተሻውን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የጥበቃው ጋሼ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ቦርሳ ይከፈታል፣ ስልክ ይወሰዳል፣ ማበጠሪያ ይወሰዳል፣ አንዳንዴ ኮምፓስም «ስለት ነው» ተብሎ ይቀርና ልጁ ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ክቡን በሃይላንድ ክዳን ይስላል። እኛም ይሄንን አይተን ሰላም ነው እንላለን። ግቢ ውስጥ ማን ተፈነከተ?

እስቲ ተማሪዎቹን ጠይቋቸው። እኔ ከስብሰባው በፊት አንድ አስራ አንደኛ ክፍል ገብቼ «ስማችሁን ሳትጽፉ የምትፈሩትን ጻፉልኝ» አልኳቸው። ሴቶቹ በብዛት የጻፉት ሽንት ቤቱን ነው። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ውጪ ቆማ ትይዝላታለች። ሌሎቹ ደግሞ ከግቢው እስከ ባጃጅ መያዣው ያለችውን መንገድ ጻፉ። በአንድ በኩል ሜዳ፣ በሌላው ያላለቀ ሕንፃ፣ መብራት የሚባል ነገር የለም። ማጠናከሪያ ያለ ቀን ደግሞ የሚወጡት አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ክፍል ውስጥ «ስንለቀቅ እንገናኝ» የተባባሉ ልጆች የሚገናኙት እዚያ ነው።

አንዱ ወረቀት ላይ ያለው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «የዩኒት ሊደሩ ጎማ»።

ጎማዋን ሁላችንም እናውቃታለን። ጥቁር የውሃ ጎማ ናት፣ ክንድ የምታህል፣ የተማሪ ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደራችን አርፋጅ የሚቀበሉት በሷ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ከ1987 ጀምሮ ማለት ነው። ጎማዋ ግን እስከዛሬ አልሰማችም።

ባልደረቦቼ ላይ አልፈርድም፣ እኛም እንፈራለን። ፈተና ላይ አላስኮርጅም ያለ ጓደኛችንን አምና ማታ ጠብቀው በድንጋይ አባረውታል። የት መሰላችሁ? እዚያችው መንገድ ላይ። እሱ ለተማሪዎቹ አልተናገረም፣ አፈረ መሰለኝ። ተማሪዎቹም ለኛ አልነገሩንም፤ ቢነግሩን ቀድመን «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» ብለን እንደምንጠይቅ ያውቃሉ።

ወረቀቶቹን ስብሰባው ላይ አነበብኩ። ማታ ማታ ተራ ገብተን ሁለት ሁለት ሆነን እስከ ባጃጁ ድረስ እንቁም፣ ወላጆችንም በወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) በኩል እንጥራ አልኩ። መቀርቀሪያውን እንኳ ከሱቅ ገዝቼ ይዤ ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ» አሉ።

ከሰኞ ጀምሮ በሩ ላይ ሁለት ጥበቃ ይቆማል። መቀርቀሪያዋ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ አናጺ እየጠበቅን ነው።