ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ክረምት አይደለም

በደብረ ብርሃን ከተማ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰሞኑን ለወላጆች በላከው ደብዳቤ፣ ለገና ዝግጅት እያንዳንዱ ተማሪ ተሠርቶ ያለቀ የፕላስቲክ ዛፍ፣ የበረዶ ቅርጽ ያላቸው ተለጣፊ ወረቀቶችና ቀይ ቆብ ገዝቶ እንዲመጣ አዝዟል፤ የወሩ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜም በዚሁ ይሸፈናል። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝና በወላጆች ስብሰባ ላይ ምክንያቱን ጠየቅሁ። መልሱ ከደብዳቤው የባሰ ነበር፤ ዓላማው ልጆቹ ስለ ክረምት ወቅት እንዲማሩ መሆኑ፣ ለእጅ ሥራ የሚሆን ቁሳቁስም በአካባቢያችን እንደሌለ ተነገረን።

የትኛው ክረምት ነው? በእኛ አቈጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። መፀው ታኅሣሥ 25 ቀን ያበቃና በማግስቱ በጋ ይብታል፤ ስለዚህ ገና በሚከበርበት ታኅሣሥ 29 ቀን በጋው አራተኛ ቀኑን ይዟል። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች ከተማ የሚያድግ ልጅ በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ የነጣውን ውርጭ እየረገጠ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድሪቱ ሙቀቷን ለሰማይ ስለምትለቅ ውርጩ እንደሚወርድ ማስተማር ሲቻል፣ ጥጥ የተለበጠ ዛፍ አስይዞ «ክረምት ይህ ነው» ማለት ልጁን በዓይኑ ያየውን ማስካድ ነው።

ቁሳቁስ የለም የሚለውን ቃል ደግሞ በርኖስና ባና ከሚሠራበት ከመንዝ በቅርብ ርቀት ላይ ተቀምጦ መናገር ያሳፍራል። ባለፈው እሑድ ልጄ ከአያቷ ቤት የመጣ አንድ እፍኝ የበግ ጠጉር ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጭጎጎቱን አንድ በአንድ ለቀመች፤ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጠብነው፤ ፀሐይ ላይ ሲደርቅም በጣቶቿ እየፈለቀቀች አፍታታችው። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ መሐሉ ላይ አደረገች፤ ጠጉሩን በላዩ እየደረበች፣ በሳሙና ውኃ እያራሰች በመዳፎቿ መካከል ታንከባልለው ጀመር። የበግ ጠጉር ሙቀት፣ እርጥበትና መታሸት ሲያገኝ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ይጠብቃል፤ የመንዝ በግ ጠጉር ግን ሸካራ ነውና ቶሎ እሺ አላላትም። ሁለት ጊዜ ፈረሰባት፤ ሁለተኛው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሦስተኛው ከሎሚ ከፍ የምትል ጠንካራ ኳስ ወጣች። የገና ጨዋታ ሩር ከእንጨት ወይም ከጠፍር ስለሚሠራ ለትንንሽ ልጆች ያስፈራል፤ ይህችኛዋ ጥርስ አትሰብርም። ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ ሲጨመርበት የበዓሉ ጨዋታ ሙሉ ነው፤ ከሳሙናው በቀር ለምንም ገንዘብ አልወጣም።

ለአርባ ልጆች ጠጉር ማጠብ እንደሚያስቸግር፣ ሽታም እንዳለው እቀበላለሁ። ከዚህ በላይ የምቀበለው የለም። የልጆቹ እጅ ገና ለሥራ አልደረሰም ያሉት መምህርት፣ እነዚሁ ልጆች ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ ጅራፋቸውን ራሳቸው እንደሚገምዱ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ እንደሚጎነጉኑ፣ በማግስቱም አበባ ሥለው ቤት ለቤት እንደሚዞሩ ማየት ይችሉ ነበር። ይህን ሁሉ የሚሠራ እጅ ታኅሣሥ ሲደርስ በምን ምክንያት ይሰንፋል? ተለጣፊ ወረቀት ከመላጥና ከመለጠፍ በቀር ሌላ ያልተማረ እጅ ነገ እርሳስም በወጉ አይጨብጥም።

ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን ሰርዞ፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ከየቤታቸው ባመጡት ጨርቅ፣ ጠጉርና ወረቀት እንዲሠሩ ማድረግ አለበት። ለዝግጅቱ የቀሩት ቀናት ለዚህ በቂ ናቸው። ባይሰርዝም እኔ ቀዩን ቆብ አልገዛም፤ ልጄ በዕለቱ ይዛ የምትሄደው ያችን ኳስ ነው።