ቤንዚን ይቅር ወይስ ይቆይ? የሹፌሯና የመካኒኩ ክርክር

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ለፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም አሉ። ነገሩ እስከ ዛሬ ሰው በተገናኘ ቁጥር ያከራክራል። እዚህ የሚከራከሩት ሁለቱ ለዓመታት ይተዋወቃሉ። እሷ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቪትዟን ሸጣ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታለች። እሳቸው ያንን ቪትዝ ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ ተመላልሰዋል።

ሹፌሯ

ጋሼ፣ መጀመሪያ ስለ ገንዘብ እናውራ፤ ሥራዬም እሱው ነው። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው። ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል፤ ቦቴው ራሱ መንገድ ላይ ናፍጣ እየጠጣ። ሚኒስትሩ ያኔ የጠቀሱት የዓመት ወጪ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ከዚህ ከግማሽ በላዩ የሚነደው በመኪና ነው ብለዋል። መድኃኒትና ማዳበሪያ ዶላር ሲጠብቁ፣ እኔ ከሳሪስ ካዛንቺስ ለመመላለስ ጭስ ላድርገው?

መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመጣ ነው። ውሃው የራሳችን ነው። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከደመወዟ እየተቆረጠ ቦንድ ገዝታለች። ዛሬ ከፊት ወንበር ትቀመጥና "በኔ ቦንድ ነው የምትነጂው" ትለኛለች። ምን ብዬ እከራከራታለሁ?

ደግሞ ይሄን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር የሚሠራው አየር እየሳበ ስለሆነ እዚህ ጉልበት ያንሰዋል። ቪትዜ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ኤሲ አጥፍቼ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ረግጬ፣ እሷ ግን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ያንባርቅብኛል። የአሁኗ አየር አትስብም። ታች ያላት ጉልበት ላይም አላት። ስወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ባለፈው እሁድ ከእንጦጦ ማርያም ስነሳ 61 በመቶ ነበር። ሽሮ ሜዳ ስደርስ 62። መውረድ የሚከፍለኝ መኪና ከየት ይገኛል?

መካኒኩ

ልጄ፣ መኪናሽን አልጠላሁም። መካኒክ ስለሆንኩ ለእንጀራዬ የምሟገት ይመስልሻል። አዎ፣ ለእንጀራዬም ነው። ዘይት የማይቀየርለት፣ ካንዴላ የሌለው፣ ፍሪሲዮን የማይበላ መኪና ሲመጣ እስክስታ አልወርድም። እሱን ተይው። እኔ የምቃወመው መኪናውን አይደለም፤ ክልከላውን ነው።

ቅደም ተከተሉን እዪው። በ2012 ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ታክስ መጣ። በ2016 ጥር ላይ ቤንዚኑ ተከለከለ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። 57 ብር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። በዚህ መሀል አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ። ቀለሙ የተላጠ፣ ወለሉ የዛገ ቪትዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ስንት እንደገዛው ሲነግረኝ ወገቤን ይይዘኛል። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ራይድ ሠርቶ ቤቱን የሚያስተዳድረው ልጅ፣ እነሱ ናቸው የተከለከሉት። የኤሌክትሪኩን የሚገዛው ግቢ ያለው ነው፤ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በጥሬው የሚከፍል።

ግቢ የሌለውስ? ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ጋ ኮንዶሚኒየም ሄጄ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ማራዘሚያ ገመድ ተንጠልጥሏል። መሬት ሲደርስ በሁለት ድንጋይ መሀል ያልፍና መኪናው ጋ ይገባል። ማታ ዘንቧል። መገጣጠሚያውን በፌስታል ጠቅልሎታል፤ ፌስታሉን በጎማ ቁራጭ አስሮታል። ልጆች አጠገቡ ኳስ ይጫወታሉ። ጥበቃው ወንበር አውጥቶ ገመዱን ይጠብቃል፤ ለዚህም በወር ይከፈለዋል። ይሄ ነው ዘመናዊነት?

ኖርዌይን እዪ። መብራታቸው እንደኛው ከውሃ ነው። በፈረንጆቹ 2024 እዚያ ከተሸጡት አዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። የቤንዚን መኪና ግን አልከለከሉም። የቤንዚኑን ታክስ ሰቀሉት፣ የኤሌክትሪኩን ማሩት። ሰዉ ቁጭ ብሎ አሰላና ራሱ መረጠ። ያለ ዱላም ይሆናል ማለት ነው።

ሹፌሯ

ኖርዌይ እኮ ነዳጅ ሸጣ ነው የማረችው ጋሼ! የሰሜን ባሕር ዘይትና ጋዝ ያለው አገር ሕዝቡን ማባበል ይችላል። የእኛ መንግሥት በምን ያባብለን? የቻለውን አድርጓል። በፈረንጆቹ 2022 ተገጣጥሞ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ጉምሩክ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5፣ ተበታትኖ የሚመጣው ከነጭራሹ ነፃ ተደረገ። ኤክሳይዙም ቫቱም ተነሳ። ያኔ ገበያው ያን ያህል አልተንቀሳቀሰም። ሰው የሚያውቀውን ነው የሚገዛው። እኔ ራሴ ክልከላው ባይመጣ ኖሮ ሌላ ቪትዝ እገዛ ነበር፤ ልዋሽዎት አልፈልግም።

ወደ ገመዱ ልመለስ። የቤቴ ቻርጀር የሚስበው 3 ኪሎዋት ከምናምን ነው። የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድም ያንኑ ያህል ይስባል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ለዚያ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃኛል፣ ይተርፈኛልም። ስለዚህ መኪናዬን ሞላሁ ማለት አንዲት ሴት ሁለት ሰዓት እንጀራ ጋገረች ማለት ነው። በዚያ ላይ የምሰካው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ሰፈሩ ምጣዱን አውርዶ ሲተኛ። ሌሊት የሚፈልገው ያጣ ኃይል ነው የምጠቀመው። ምጣድ አገር አጨለመ ተብሎ ተከሶ ያውቃል?

የኮንዶሚኒየሙ ነገር ግን እውነት ነው፤ እሱን አልሟገትም። ከተማ ውስጥም ቢሆን የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ አይበቃም። አንድ ቅዳሜ ሁለት መሙያ ካለበት ቦታ ሄጄ አንዱ ተበላሽቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሰክቶ ምሳ ሊበላ ሄደ፤ ሞልቶም አልመጣም። ተናድጄ ነበር። ግን ቤንዚን ጠፍቶ ማደያ በር ላይ መኪና ውስጥ ያደርንባቸውን ሌሊቶች ረሷቸው? ጄሪካን ይዘው የሚዞሩትን ልጆችስ? ሰልፍ ለሰልፍ ከሆነ፣ እኔ በሳምንት ስድስት ቀን ቤቴ ነው የምሞላው።

መካኒኩ

የምጣዱ ስሌት ልክ ነው። በዚህስ አሸንፈሻል። ግን ዓርብ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አላየሽም? አሁን በየግቢው ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ የሚያድር ሌላ ምጣድ ጨምሪበት። የሰፈራችን ትራንስፎርመር የተተከለው ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ነው። ባለፈው ክረምት ተቃጠለና አምስት ቀን በሻማ ተቀመጥን። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሥጋ ሸተተ። "ይመጣል፣ ይመጣል" ሲሉን ከረሙ። ትራንስፎርመሩንም ገመዱንም ቀድሞ ማሰብ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ኃይል የለም አላልኩም። ለኬንያ፣ ለሱዳን፣ ለጅቡቲ ይሸጣል። ለቢትኮይን ቆፋሪዎችም ሲሸጥ ነበር። የጎደለው ከግድቡ እኔ ቤት ድረስ ያለው መስመር ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ እስከ ዛሬ አምፖል አላበራም። እሱ ገና በኩራዝ ሲያጠና፣ መኪና ከሰው በፊት መብራት አገኘ ማለት ነው።

ስለ ውሃውም ልንገርሽ። በ2001 መብራት በፈረቃ ነበር፤ ቀን ወጥቶልን ነበር የምናበራው። ግንቦት 2011 ላይም ጊቤ 3 ውሃው ቀነሰና እንደገና ፈረቃ ታወጀ። ብየዳ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቼ ነበር የምበይደው፤ ጎረቤት ይረግመኛል። ያኔ መኪናው በቤንዚን ይሄድ ስለነበር ቢያንስ ሐኪም ቤት ይደረስ ነበር። ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ ስትከቺ ዝናቡን ማን ዋስ ይሆንሻል?

ደሴስ? 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከደብረ ብርሃን በኋላ ጣርማ በር አለ፤ 3,000 ሜትር ያልፋል። ስትወርጂ ይሞላልሻል፣ አውቃለሁ። ስትመለሺ ግን ሽቅብ ነው። ብርድም አለ። ደብረ ሲና ላይ 9 በመቶ ቢቀርሽ ምን ትሆኛለሽ? በገመድ ልጎትትሽ ነው?

ጥገናውን ደግሞ ልንገርሽ፣ ይሄ የኔ ስለሆነ። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ በቻይንኛ ነው። አንዱ መጥቶ ቀይ ምልክት በራብኝ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ፣ ስልኩ ተረጎመልኝ። "እባክዎ ወዲያውኑ ወደ ሱቁ ይሂዱ" ይላል። ሱቁ ጓንጁ ነው! የቻይናው መሰኪያ ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም። ሶማሌ ተራ ሄደሽ የቶዮታ እቃ በጨለማም ታገኛለሽ፤ የዚህን ስትጠይቂ ይስቁብሻል። ባትሪው የሞተ ቀን ዶላሯን መልሰሽ ትከፍያለሽ፤ ያውም በአንዴ።

ሹፌሯ

ፈረቃውን አስታውሳለሁ፤ ትዝታውም አያስቅም። ግን ያኔ ህዳሴ አልነበረም። ጊቤ 3 እና ህዳሴ አንድ አይደሉም። ህዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። አባይ እዚያ ጋ በአንድ ዓመት ከሚያሳልፈው ይበልጣል። አንድ ክረምት ቢከዳን የከረመ ውሃ አለን። ቤንዚን ግን አንድ ክረምት ሳይሆን አንድ ወር ቢከዳን ምን ይሆናል? የነዳጅ መርከብ በሚያልፍበት በሆርሙዝ ሰርጥ ላይ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ዜና የምንከፍተው ለምን ሆነና?

ደሴ ገና አልሄድኩም። እሱን ዕዳዬ አድርገው ይመዝግቡት።

ስለ መስመሩ፣ ስለ ትራንስፎርመሩ የተናገሩትን እቀበላለሁ። የምለያየው ከድምዳሜው ነው። መስመሩ እስኪያልቅ ቤንዚን ይግባ ካልን መስመሩ መቼም አያልቅም። መኪናው ሲበዛ ነው ጩኸቱ የሚበዛው፤ ጩኸቱ ሲበዛ ነው ገመድ የሚዘረጋው። እዚህ አገር ሳይጮህ የተሠራ ነገር ካዩ ይንገሩኝ። እርስዎ ግን ያልነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ክልከላው ቢነሳ ምን ይተካ?

መካኒኩ

የሚጮኸው ባለ መኪናው፣ የሚጨልምበት ጎረቤቱ። ይሄ ነው የማይዋጥልኝ።

ምን ይተካ ላልሽው፣ ኖርዌይን የጠራሁት ለዚህ ነው። ቤንዚኑ ይግባ፤ ከባድ ታክስ ይከፈልበት። የታክሱ ብር ግን እንደ ውሃ አይፍሰስ፤ ትራንስፎርመር ይገዛበት፣ በየወረዳ ከተማው ቻርጅ ማድረጊያ ይተከልበት። መጀመሪያ አውቶቡሱ ኤሌክትሪክ ይሁን። አንድ አውቶቡስ ሰባ ሰው ይጭናል፤ ማታ ዴፖው ገብቶ ይሞላል፣ ከፎቅ ገመድ አያንጠለጥልም። አንድም ሰው ከመኪናው ሳትከለክዪ ሰባ ሰው ከቤንዚን አወጣሽ ማለት ነው። የሂሳብ ሰው ነሽ፣ አስይው።

ሌላው፣ አስተምሩን። እኔ ሠላሳ ዓመት ሞተር በጆሮዬ ነው የማውቀው። ሲያስል ምኑ እንደታመመ እነግርሻለሁ። ያንቺው ድምፅ የለውም። ስከፍተው ብርቱካናማ ገመድ አለ፤ 400 ቮልት የሚሸከም። ብርቱካናማውን እንዳትነካ ብሎ የነገረኝ ከቻይና የመጣ ቪዲዮ ነው። ተቋም አይደለም፣ አለቃ አይደለም፤ ቪዲዮ። ጋራዤ ውስጥ አራት ልጆች አሉኝ። አንዱ ነክቶ ቢሞትስ ማን ይጠየቃል? ለመከልከል አንድ ቀን በቃ። ለማስተማር ግን እስካሁን የጠራኝ የለም።

ከፊት በስተግራ ይንኳኳል ያልሽኝን አዳምጬዋለሁ፤ የላክሽልኝን ድምፅ። ቡሽ ነው። ባትሪው ስለሚከብድ መኪናሽ ቡሽና ጎማ ትበላለች፤ ይሄን ሻጩ አልነገረሽም። ቅዳሜ አምጪው። እሱን እችላለሁ።

ሹፌሯ

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እደርሳለሁ። ዓርብ ማታ መብራት ካለ።