ማስታወቂያው በደንብ ተለጥፏል

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ የሕክምና ተቋም ዋርድ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። «አስታማሚዎች ካኑላ መንካት ክልክል ነው። በመነካካት ለሚመጣ እብጠት ተቋሙ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ካኑላ የሚሉት ጉሉኮስና መድኃኒት እንዲገባበት ደም ሥር ውስጥ የሚሰካውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የተቋሙን ስም አልጠራም። ወረቀቱ ግን በአራቱም ማዕዘን በፕላስተር ጥብቅ ተደርጎ ተለጥፏል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አክስቴ እጅ ላይ አላየሁም።

አንድ ኃላፊ አገኘሁና ጠየቅኳቸው። «እጅ የሚያብጠው እኮ እናንተ ስለምትነካኩት ነው» አሉኝ። ፈገግ እያሉ።

አክስቴ ከተኛች አምስተኛ ቀኗ ነው። ካኑላው የተሰካው ክርኗ መታጠፊያ ላይ ነው። እጇን ስታጥፍ ጉሉኮሱ ይቆማል፣ ስትዘረጋ ይወርዳል። በድሬ ሙቀት ፕላስተሩ በላብ ተላጧል። ደም ሥሯ ቀልቶ እንደ ገመድ ጠጥሯል። ይሄን ሁሉ የሠራነው እኛ ነን?

ደም ሥር የሚቆጣበት ምክንያት እኮ የታወቀ ነው። ለደም ሥሩ የወፈረ ካኑላ፣ በሚታጠፍ ቦታ መሰካት፣ የሚያቃጥል መድኃኒት፣ ያልታጠበ እጅ። ለስኳር መውረድ የሚሰጠው 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ እስከመግደል ይደርሳል። እሱን የሚወጋው አስታማሚ ነው እንዴ?

«መቼ ነው የተሰካው?» ብዬ ተረኛዋን ጠየቅኩ። «እኔ አልነበርኩም» አለችኝ። ቀጣዩም ተረኛ እንደዚያው። ቻርቱ ላይ የለም። ፕላስተሩ ላይም የለም።

የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ቀን ይጻፍበት! ሱቅ የምንገዛው እርጎ እንኳ ቀን አለው። ካኑላ ማለት ከቆዳ ወደ ደም የተከፈተ በር ነው። ቆዳ ላይ ያለ ጀርም ፕላስቲኩን ተከትሎ ይገባል። ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ነገሩ ከእብጠት ያልፋል፤ ሰው ይገድላል። ይሄ በር መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅ ሰው ዋርዱ ውስጥ የለም። ቀን ካልተጻፈ ማንም አይጠይቅም። ካልተጠየቀ ማንም አይነቅልም። ኪኒን መዋጥ የጀመረ በሽተኛ እጅ ላይ «ምናልባት ቢያስፈልግ» እየተባለ ስንት ካኑላ ያለ ሥራ ይከርማል! ነርሶቹ ስንት በሽተኛ እንደሚይዙ አይቻለሁ። ቀን ለመጻፍ ግን አምስት ሰከንድ ይበቃል። ለማስታወቂያው ጊዜ ከተገኘ ለዚህ አይጠፋም።

«በየሦስት ቀኑ መቀየር እኮ ቀርቷል» የሚል ብልጥም አለ። አዎ፣ ደህና እስከሆነ ድረስ የሚያቆዩ አሉ። ደህና መሆኑ የሚታወቀው ግን በየቀኑ ሲታይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚሁ በካኑላ ኢንፌክሽን ላይ ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል። እኛ ጋ የወጣው ማስታወቂያ ነው።

እሺ፣ ጥፋት የለብንም አልልም። «ቶሎ ይለቅ» ብሎ የጠብታውን መቆጣጠሪያ የሚያሽከረክር አስታማሚ አለ። ልብ ወይም ኩላሊት ላመመው ሰው ውሃው ሳንባው ላይ ሊሞላበት ይችላል። ደከመኝ ብሎ «አንድ ጉሉኮስ ስቀሉልኝ» የሚልም ሞልቷል። አንድ ሊትር 5 ፐርሰንት ጉሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው። ለገሃሬ ቁጭ ብሎ አራት ብርጭቆ የድሬ ሻይ የጠጣ ሰው፣ መርፌ ሳይነካው ያን ያህል ያገኛል።

ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ሲስተር፣ አልቋል!» እያለ ኮሪደር ላይ የሚሮጠው ማን ነው? ደም ወደ ቱቦው ሲመለስ ቀድሞ የሚያየውስ? አስታማሚ ነው። ሌሊት ያለ ደሞዝ ዘበኛ፣ ቀን ተከሳሽ አደረጉን። እኛም ዝም እንላለን። ታላቅ ታናሽ ሳንል ሁሉንም «አንተ» የምንል የድሬ ልጆች፣ ነጭ ጋዋን ፊት ስንቆም ምላሳችን ይታሰራል።

በስንት ጭቅጭቅ የአክስቴ ካኑላ ተነቀለ። አዲሱ በሌላው እጇ፣ ከክርኗ ዝቅ ብሎ ተሰካ። ቀን አልተጻፈበትም። ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ ቀኑንና ሰዓቱን ፕላስተሩ ላይ ጻፍኩ።

ማታ የገባችው ተረኛ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ይሄን ማነው የነካው?»