ባለ ክራባቱ ጉዳይ ገዳይ

ባለፈው ዓመት ለእናቴ ቤት ካርታ ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የክፍለ ከተማውን ስም ልተወው። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። "ሲስተም የለም"፣ "ባለሙያው ስብሰባ ገብቷል"፣ "ፋይሉ አልተገኘም"። በአራተኛው ቀን አንድ ጎረቤት ጠቆመኝ፤ ከቢሮው ፊት ለፊት ካፌ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ እሱን አናግረው አለኝ። ሄድኩ። ማኪያቶ ይዟል፣ ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል። እዚያው ቢሮ ስምንት ዓመት ሠርቶ የወጣ ሰው ነው። ፋይሉ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ያውቃል፣ ማን እንደሚፈርም ያውቃል፣ የሚፈርመውን ልጅ ደግሞ ሥራ ያስለመደው እሱ ነው። "አይዞህ ወንድሜ፣ እስከ ዓርብ" አለኝ። ዓርብ ካርታው እጄ ገባ። ስንት እንደከፈልኩ አትጠይቁኝ፤ ደረሰኝም የለኝ።

ወደ ቨርጂኒያ ስመለስ አውሮፕላን ላይ ስለዚህ ሰው ሳስብ ትዝ ያሉኝ ኤድ ሮይስ ናቸው።

ለማያስታውሳቸው፦ ሮይስ ከካሊፎርኒያ፣ ከኦሬንጅ ካውንቲ የተመረጡ ሪፐብሊካን ነበሩ። ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በአንድ ሲሚንቶ ኩባንያ የግብር ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ (ሲሚንቶና ግድብ፣ በኋላ ትስቃላችሁ)። አሥር ዓመት የክፍለ ግዛታቸው ሴናተር፣ ከዚያ ከ1993 እስከ 2019 የኮንግረስ አባል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። አፍሪካን የሚያውቁት በወሬ አይደለም። የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴን ለዓመታት መርተዋል፤ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የፈቀደው ሕግ፣ አጎዋ፣ በ2000 ሲወጣ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ እስኪወጡ ድረስ ትልቁን የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መሩ።

እኛም የተዋወቅናቸው በዚህ ወንበራቸው ነው። ተዋወቅን ማለቴ ከሩቅ። በ2017 ኤች አር 128 የሚባለው ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የሚያወራው የውሳኔ ሐሳብ ኮሚቴያቸው ውስጥ ነበር። ከየቦታው ተሰባስበን የኮንግረስ ቢሮዎች ያሉበት ሬይበርን ሕንፃ ሄድን። ከሜሪላንድ በሁለት ቫን የመጡ ነበሩ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳደረጉ። ፍተሻው ላይ የያዙትን ዳቦ አስወጧቸው። ክፍል 2172፣ ኮሚቴው የሚሰየምበት ማለት ነው፣ በሩ ላይ ቆመን ፎቶ ተነሣን። አንድ ሃያ አራት ዓመት የማይሞላው ረዳት ኮሪደር ላይ አምስት ደቂቃ አዳመጠን፣ ፎልደራችንን ተቀበለ፣ ካርዱን ሰጠን። ካርዱን እስካሁን አልጣልኩትም። ሐሳቡ በሐምሌ ኮሚቴውን አለፈ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ደግሞ ምክር ቤቱ በድምፅ አጸደቀው። የሕግ ኃይል የለውም። ቢሆንም ያን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰው ሲተቃቀፍ አይቻለሁ።

ሮይስ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ እንደማይወዳደሩ አስታውቀው ነበርና ጥር 2019 ወጡ። ወጡና ብራውንስቲን የሚባል ትልቅ የጥብቅና እና የሎቢ ድርጅት ገቡ፤ ሎቢ ማለት እየተከፈለው ባለሥልጣን የሚያግባባ ነው። እዚህ አገር ይሄ ዜና አይደለም። የኮንግረስ አባል ደሞዝ በዓመት 174,000 ዶላር ነው፤ በሩን ዘግተህ ስትወጣ ዋጋህ ይጨምራል።

ከዚያ ኅዳር 2020 መጣ። እኛ በሰሜኑ ጦርነት ዜና እንቅልፍ አጥተናል። ትራምፕ ግብፅ የዓባይን ግድብ ታፈነዳዋለች ብለው ከተናገሩ ወር አልሞላም። ባይደን ማሸነፋቸው በተነገረ በቀናት ውስጥ የግብፅ ኤምባሲ በዋሽንግተን አዲስ ሎቢ ቀጠረ፤ ወር በገባ 65,000 ዶላር። ድርጅቱ? ብራውንስቲን። ለግብፅ ከተመደቡት ውስጥ አንዱ የናንሲ ፔሎሲ የቀድሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ሌላው ደግሞ ኤድ ሮይስ።

ስሙን ሳነብ ሌላ ሮይስ መስሎኝ ነበር።

እኔን ያናደደኝ ግብፅ ሰው መቅጠሯ አይደለም። አገር ናት፣ ጥቅሟን ታስጠብቅ። የሚያስገርመው ሰውየው ለዓመታት የታገሉለት ሕግ ነው። "ኤሌክትሪፋይ አፍሪካ" የሚባለውን ሕግ ከፊት ሆነው የገፉት እሳቸው ናቸው፤ ኦባማ በ2016 ፈረሙበት። ዓላማው ከሰሃራ በታች ላሉ 50 ሚሊዮን ሰዎች መብራት ማዳረስ፣ 20,000 ሜጋ ዋት መጨመር። አፍሪካዊ ሕፃን በኩራዝ አያጥና ሲሉ የነበሩ ሰው፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ላይ ከምትሟገተው አገር ጎን ተሰለፉ። የአፍሪካን ጉዳይ በሊቀ መንበርነት ሲማሩ የከፈለላቸው ደግሞ ግብር ከፋዩ ነው። አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳው ወዳጄም አለበት።

የእኛ የካፌ ሰውዬ እንግዲህ ከዚህ በምን ይለያል? ሁለቱም የሚሸጡት ወንበሩ ላይ ሳሉ ያወቁትን ነው። የቱ ፋይል የት እንዳለ፣ ማን እንደሚፈርም፣ የማን ስልክ ቶሎ እንደሚነሣ።

ልዩነቱ ደረሰኙ ነው። እዚህ ለውጭ መንግሥት የሚሠራ ሰው በ1938 በወጣ ሕግ ይመዘገባል፤ ውሉ፣ ክፍያው፣ አንዳንዴ ማንን መቼ እንዳነጋገረ ሳይቀር ፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። እኔ ሌሊት ፒጃማ ለብሼ ያነበብኩት ከዚያ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ከወጣ በኋላ አንድ ዓመት የቀድሞ ባልደረቦቹን መጎትጎት አይችልም፤ ሴናተር ከሆነ ሁለት ዓመት። ሎቢስት ሆኖ የተመዘገበ የቀድሞ አባል ምክር ቤቱ አዳራሽ አይገባም። የአባላቱ ጂምም አይገባም። ጂሙ ለምን ተከለከለ ብዬ ነበር፤ ለካ ሰው ትሬድሚል ላይ ሆኖ ጉዳይ ይጨርስ ነበር።

ደረሰኝ የጠላው ሰው ምን እንደሚገጥመውም አይተናል። የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ቦብ ሜኔንዴዝ ወንበራቸው ላይ ሳሉ የግብፅ ወኪል ሆነው ሠርተዋል ተብለው በ2024 ጥፋተኛ ተባሉ፣ 11 ዓመት ተፈረደባቸው። ቤታቸው የወርቅ ጡብና ጃኬት ኪስ ውስጥ የተወሸቀ ጥሬ ገንዘብ ተገኘ። ጃኬት ኪስ! እኛ ሰፈር ቢሆን ፍራሽ ሥር ነበር።

እኛ ንጹሕ ነን ማለቴ ደግሞ አይደለም። የምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች መሪ የነበሩት ዲክ አርሚ ከወጡ በኋላ የገቡበት ዲ ኤል ኤ ፓይፐር የሚባል ድርጅት በ2007 በወር 50,000 ዶላር እየተከፈለው ለኢትዮጵያ መንግሥት ይሠራ ነበር፤ ያኔ ዲያስፖራው የደከመበትን፣ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ሰብአዊ መብት የወጣውን ኤች አር 2003 የሚባል ረቂቅ ሕግ ለማስቀረት። ሕጉ ታችኛው ምክር ቤት አለፈ፣ ሴኔት ላይ ሞተ። በ2017 ደግሞ እኛ ሬይበርን ኮሪደር ላይ ፎልደር ይዘን ስንቆም አዲስ አበባ ለሌላ ድርጅት በወር 150,000 ዶላር ትከፍል ነበር። የዚያች እናት ዳቦ በዚህ ሒሳብ ላይ ሲታሰብ!

ገንዘብ ሁሉን ይገዛልም አልልም። ኤች አር 128 በዚያ ሁሉ ክፍያ ላይ አልፏል። ባይደን ሲገቡም፣ ትራምፕ በግድቡ ምክንያት ያገዱትን እርዳታ ከግድቡ ጋር አናያይዘውም ተብሏል። ግድቡም መስከረም 2025 ተመርቋል። ብቻ በሩ ላይ ወረፋ አለ፣ ወረፋውን ደግሞ የሚያሳጥር ሰው አለ፣ ያ ሰው ትናንት ከበሩ ወዲያ ነበር።

የኅዳሩ ውል ወሬ ሲሰማ ኮሚኒቲያችን አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ሻይና አምባሻ። አንዱ ተነሥቶ "እኛም ሎቢስት እንቅጠር!" አለ፣ ተጨበጨበ። መቶ ሃያ ሰው ነበርን፤ ሃያ ሃያ ዶላር አዋጣን። 2,400 ዶላር። ገንዘብ ያዡ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው 65,000ን ለሠላሳ አካፈሉ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩን።

"በግብፅ ዋጋ አንድ ቀን ይገዛል" አሉ። "በማግሥቱ ግን ለሻይ ሰዓት አይደርስም።"