እሷን እንዳትነካት!

ለባሕር ዳር ሰው የምስጋና ዕዳ አለብን። ዛሬ ቢያንስ ወለዱን እንክፈል።

ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አሮጌ መኪና ይዞ የቆመ ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ኮፈኑን ከፈት ሲያደርግ ዘንባባ ሥር ጥላ የያዘው ሁሉ ይነሣል። የባጃጁ ሾፌር ሰው እንደጫነ ይቆማል። ተሳፋሪውም አይቆጣም፤ ወርዶ ያያል። ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ ይመጣል። ሚስቱን ባንክ ደጅ የሚጠብቅ ባል ይመጣል። ጡረታ የወጡ ሾፌር ከማዶ በከዘራቸው እየጠቆሙ ይመጣሉ። መኪናዋ ምን እንደሆነች የጠየቀ የለም። መልሱ ግን ደርሷል።

«ኤርዝ ነው!»

ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ልክ መሆናቸውን መካድ አይቻልም። አሮጌ መኪና ላይ ኤርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ፣ ያስቸግራል። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ ይዝጋል፣ ብሎኑ ይላላል፣ መኪናዋ ስትቀባ ቀለም ያርፍበታል። ከዚያ በኋላ ግራ ፍሬቻ ሲሰጥ ፍሬን መብራቱ አብሮ ይጠቅሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የኤርዙ ብሎኖች የት የት እንደታሰሩ ግን የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ሥዕል፣ የሽቦው ዲያግራም ነው። ዲያግራም አምጡ ማለት ደግሞ ሰው ፊት «አላውቅም» ማለት ነው። የጨዋ ልጅ ይህን አያደርግም።

አንዳንዴ ከፖሊ የወጣ ልጅ ይደባለቃል። ፖሊ ቴክኒኩ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ከተቋቋመ ጀምሮ በዚች ከተማ ኤሌክትሪክ በወረቀት ይማሩበታል። ልጁ ስልኩን ያወጣና «ቆይ ዲያግራሙን ልፈልግ» ይላል። ሰዉ በሐዘን ያየዋል። «ተማሪ ነው፣ ተዉት» ይባላል። ልጁም አፍሮ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ትንሽ ቆይቶ እሱም «ኤርዝ ሳይሆን አይቀርም» ማለት ይጀምራል። እንዲህ ነው ሰው ወደ ማኅበረሰቡ የሚመለሰው።

ይፈልግ እንኳ ቢባል፣ የምን መኪና ብሎ ይፈልጋል? «ዲኤክስ» ነዋ! ለእኛ ይበቃል። ዲኤክስ የደረጃ ስም መሆኑን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣችው ኮሮላ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ለብሳ ብዙ ዓይነት ሞተር ይዛ መምጣቷን ማንሣት ቀልድ ማበላሸት ነው። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። «ኬ ኢ 70» ካለች፣ ኬ የሞተሩ ቤተሰብ ነው፣ ኢ የኮሮላ ነው። «ኤ ኢ» ወይም «ቲ ኢ» ካለች ሞተሩ ሌላ ነው፣ ሽቦውም እዚያው ላይ ይለያል። ትክክለኛውን ዲያግራም ለማግኘት ከዚህች ሰሌዳ መጀመር ነው። ሰሌዳዋ ግን አቧራ ለብሳለች። አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ ከማንበብ የሌላ መኪና ዲያግራም ከወዳጅ ስልክ ተቀብሎ፣ ያውም ጎኑ የተቆረጠ፣ እሱን ይዞ መከራከር ይሻላል። ክርክሩስ ባይኖር ከሰዓቱ በምን ያልፋል?

የጡረታው ሾፌር ግን ስልክ አያስፈልጋቸውም። በንጉሡ ዘመን ቮልስ ነድተዋል። «ቡኒ ሽቦ ኤርዝ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ከቦዲው ጋር እሰረው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የጀርመን መኪና ላይ ቡኒ ኤርዝ ነው። ፊት ለፊታቸው የቆመችው ግን አሮጌ ላንድሮቨር ናት። እንግሊዞቹ ቡኒውን የሰጡት ከባትሪ በቀጥታ ለሚመጣው ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጭስ እስከ ሐይቁ ማዶ ይታያል። አዛውንቱ አይደነግጡም። «አየህ፣ አንድ ችግር ነበረበት ማለት ነው» ይላሉ። ክብር ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ፊውዝ ሳጥኑ። ክዳኑ ላይ የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ፣ ስንት አምፔር እንደሚችል ተጽፏል። ለዚህም ነው መጀመሪያ የሚጠፋው። ባለመኪናው መጽሐፉንም ቢፈልግ አያገኘውም፤ ወይ ቆራሌው ወስዶታል፣ ወይ ቆሎ ተጠቅልሎበታል።

ፊውዝ በተፈጥሮው ፈሪ ነው። 10 አምፔር ከተባለ ከዚያ በላይ ሲበዛበት ሽቦው ሳይግል ራሱን ቀድሞ ይገድላል። የእኛ ሰው ይህን ልፍስፍስነት አይወድም። ለምን ሞተ ብሎ አይመረምርም፣ ጀግና ይተካበታል። ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ይልጣል፣ ይጠቀልላል፣ ይሰካል። የማያጨስ ከሆነ ከገመድ ላይ አንድ ዘለላ መዳብ ይመዝዛል። ከዚህ ወዲያ ፊውዝ ተቃጠለ የሚባል ወሬ የለም። የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ሽቦ ደግሞ ብቻውን መሄድ አይወድም፤ ምንጣፉንና ወንበሩን ያስከትላል። ግን ምን ያስፈራል? 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውሃ አጠገባችን ተኝቷል። ጣና ለጀልባ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረው?

ጣናን ካነሣን ዘንድ አንድ ክፉ ሰው ሊል የሚችለውን አስቀድሜ ልመልስ። «ክብራን ገብርኤል ገዳም ያሉ አባቶች የብራና መጻሕፍት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀው አቆይተዋል። እርጥበት አለ፣ አይጥ አለ፣ ስንት ጦርነት አልፏል። እናንተ ከዚህ ማዶ አንድ የፊውዝ ክዳን ለአንድ ክረምት ማቆየት አቃታችሁ?» ይላል ይህ ሰው። መልሱ ቀላል ነው። ብራና ቆዳ ነው፣ ክዳኑ ፕላስቲክ ነው። አይወዳደርም።

እርግጥ ያ ክፉ ሰው እዚህ ላይ አያቆምም። የብራና ጸሐፊዎቹ የቀለም ነገር አጥብቀው ይይዙ ነበር። ጽሑፉ በጥቁር፣ የቅዱሳን ስምና የምዕራፉ መነሻ በቀይ። አንባቢው ቀይ ሲያይ «እዚህ ስም አለ» ብሎ ያውቃል። ሁሉንም በቀይ ቢጽፉት ኖሮ ስሙ የት እንዳለ በምን ይታወቅ ነበር?

ጃፓኖቹም ሲሠሩ እንደ ጸሐፊ ነው የሠሩት። ቶዮታ ላይ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ሽቦ ኤርዝ ነው። ዲያግራሙ ላይ መጀመሪያ የሽቦው ቀለም ይጻፋል፣ ከሰረዙ በኋላ የመስመሩ። ሰማያዊን ‹ኤል› ብለው ጻፉት፣ ‹ቢ›ን ጥቁር ቀድሞ ስለያዘው። እያንዳንዷ ሽቦ ከየት መጥታ ወዴት እንደምትሄድ ልብሷ ላይ አለ።

ይህን የቀለም አድልዎ ግን የባሕር ዳር የመኪና ኤሌትሪሻን አልተቀበለም። ዕቃ ቤቱ ያለው ቀይ ሽቦ ብቻ ነው። እንግዲያው ፍሬቻው ቀይ፣ ክላክሱ ቀይ፣ የነዳጅ ጌጁ ቀይ፣ ኤርዙም ቀይ። በላዩ ጥቁር ናስትሮ። በዳሽቦርዱ ሥር ፍጹም እኩልነት ሰፈነ። ከዚህ በኋላ ትክክለኛው ዲያግራም ከሰማይ ቢወርድ ምን ይፈይዳል? ወረቀቱ «አረንጓዴ፣ ቢጫ መስመር ያለው» ይላል። መኪናዋ «ቀይ» ትላለች።

ኤሌትሪሻኑን ራሱን ሳናመሰግን ማለፍ ግፍ ነው። ሥራውን ያውቃል፣ በዚህ አይታማም። እውቀቱን የሚያካፍልበት መንገድ ግን የተለየ ነው። ቀኑን ሙሉ ተለማማጁን አጠገቡ ያቆመዋል። «ያን ካቻቢቴ አምጣ፣ ያችን ፒንሳ አቀብል» ይለዋል። ቁም ነገሩ ጋ ሲደርስ «ሂድ ናስትሮ ግዛ» ይለዋል። ናስትሮው ኪሱ ውስጥ አለ። ልጁ ሲመለስ መብራቱ በርቷል።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ኤርዝ።»

ልጁ በዚህ ዓይነት ዓመታት ይማራል። በመጨረሻም ናስትሮ የሚሸጡ ሱቆችን በሙሉ ለይቶ ያውቃል። የራሱን ጋራዥ ሲከፍት በመጀመሪያው ቀን ለራሱ ተለማማጅ የሚያስተላልፈው እውቀት ዝግጁ ነው፦ «ሂድ ናስትሮ ግዛ።»

የዚህ ሁሉ ጥበብ ማሠሪያ ዳይሬክት ነው። መብራት እምቢ አለ? የት እንደተቋረጠ መፈለግ ምን ያደርጋል? ከባትሪ አዲስ ሽቦ ሳብና ዳይሬክት ስጠው። ሪሌይ የሚባለውን ነቅለህ ጣለው። ጀርባው ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ይህን ቁጥር ማን ያስታውሳል? ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖል ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። ሪሌዩ የተቀመጠው ያን ያህል ጉልበት በስስ ማብሪያ ውስጥ እንዳያልፍ ነው። እኛ ግን ለቤት በር ደወል በተሠራ ቁልፍ እናሳልፈዋለን። ቁልፉ ሲግል ሾፌሩ መብራቱ እየሠራ መሆኑን በጣቱ ያውቃል። ጌጅ አያስፈልገውም።

ቦሎ የሚታደስበት ወር ሲደርስ እያንዳንዱ መብራት የራሱ ማብሪያ አግኝቶ መኪናዋ እንደ አውሮፕላን ጋቢና ትሆናለች። አንዱ የፓውዛ፣ አንዱ የክላክስ፣ አንዱ የሞተሪኖ፣ አንዱ የቬንቲላተር። በአንዳቸውም ላይ ምንም አልተጻፈም። ለምን ይጻፍ? ባለቤቱ ያውቃል። ዲያግራሙ ወረቀት ላይ መኖሩ ቀርቶ ሰው ሆኗል፤ ቁርስ ይበላል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል።

ችግር የሚመጣው መኪናዋ ስትሸጥ ነው። ሊብሬው ይዛወራል፣ ዲያግራሙ ግን ከሻጩ ጋር ጎንደር ገብቷል። ገዢው ይደውላል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ላስቸግርዎ ብዬ ነው። ከመሪው በታች ያለችው ጥቁር ቁልፍ የምን ናት?»

«የቷ? ከደወሏ አጠገብ ያለችው?»

«አዎ፣ እሷ።»

«ውይ! እሷን እንዳትነካት!»

«ምን ታደርጋለች?»

«ምንም አታደርግም። ብቻ አትንካት።»

«እርስዎ ነክተዋት ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔማ ስገዛት አትንካት ተብዬ ነው።»

እዚህ አገር በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነገር ብዙ ነው፤ አሁን ማብሪያም ተጨመረበት። ቁልፏ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሳትነካ ትተላለፋለች። ያሰረው ኤሌትሪሻን ብቻ ነው ምስጢሩን የሚያውቅ፣ እሱም ያርፋል። ያን ጊዜ ባለመኪናው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ይሄዳል። «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል። ንፍሮ ይቆነጥራል። ትንሽ ይቀመጥና ወደ ሟች ወንድም ጠጋ ይላል። «ለመሆኑ… ስለ ግራ ፍሬቻዬ የተናገረው ነገር ነበር?»

ይህን የመሰለ ባህል ሊያጠፉ የተነሡ ሰዎች አሉ። ዓባይ ማዶ አንዲት መምህርት አለች። ከአባቷ የወረሰቻት ዲኤክስ አለቻት። ይቺ ሴት ሰሌዳዋን በጨርቅ ጠርጋ አነበበች። ትክክለኛውን ዲያግራም አገኘች፣ አሳተመች። ዲያግራሙ የማያውቃቸውን ቀይ ሽቦዎች አንድ በአንድ በቴስተር ተከታትላ ደብተር ላይ በእጇ ሣለቻቸው። ሽቦው ጫፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠምጥማ «ግራ ፍሬቻ»፣ «ክላክስ» ብላ ጽፋለች። ደግሞ በብዕር! ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ መሆኑን፣ ሞተሩ ተነሥቶ ወደ 14 መውጣቱን እያየች ትመዘግባለች። ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞውን ወይም ቺንጊያውን ትጠረጥራለች። ኤርዝ ነው አትልም፤ ብሎኑን ትፈታና በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ መልሳ ታስራለች።

ጥቁሯን ቁልፍም ነካቻት። የተነቀለ ሬዲዮ ማብሪያ ነበረች።

ጎረቤቶቿ አዝነውባታል። መኪናዋ መንገድ ላይ አትቆምም፤ ስለዚህ ማንም አይሰበሰብላትም። ኮፈኗን ከፍታ የምትታየው ቤቷ በር ላይ ነው፣ ያውም ደብተር ይዛ። «ምን ቸግሯት ነው፣ ደመወዝ አላት፣ ለባለሙያ አትሰጥም?» ይሏታል።

ዘንድሮ አንድ የታወቀ ኤሌትሪሻን ደብተሩን አየሁ አላየሁ ብሎ ተዋሳት። «ለአንድ ቀን» ነበር ያለው፣ ይኸው እስካሁን አልመለሰም። ስትጠይቀው «የቱ ደብተር?» ይላል። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች ግን አንድ ነገር ታዝበዋል። ከባድ ሥራ ሲመጣ አለቃቸው ካርቶን ያነጥፋል፣ የእጅ ባትሪ ይይዛል፣ መኪና ሥር ይገባል፣ ለረጅም ጊዜም ድምፁ አይሰማም። ከሥር የወረቀት መገለባበጥ ይሰማል። ሲወጣ «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ብለው ይጠይቁታል።

«ተኝቼ ነው» ይላቸዋል።