ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ተራው ይጻፍ

ነገ አንድ ኩባንያ መጥቶ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትልቅ የኮምፒውተር ማዕከል ላቋቁም» ቢል፣ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ስለ ማሽኑ ዓይነትና ብዛት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ማየት የምፈልገው የሰዓት ድልድሉን ነው።

ምክንያት አለኝ። የተማርኩበት ኮሌጅ ከአንድ ድርጅት ኮምፒውተሮች ተሰጥተውት ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ክፍሉ ተቆለፈ። ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ ነው፣ ፈቃድ ወጥቷል ሲባል ሴሚስተሩ አለቀ። የመመረቂያ ሥራዬን ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ በደቂቃ እየከፈልኩ ጨረስኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም። ማን መቼ እንደሚጠቀም የሚል አንድ ወረቀት ግን አልተጻፈም።

አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እና የኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም ይህን ቀድመው አስበውበታል። አይቢኤም 704 የተባለውን ግዙፍ ማሽን ያለ ክፍያ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ ጀመረ። ማሽኑ የገባበትን የኤምአይቲ የኮምፒውተር ማዕከል የመሩት የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ ሞርስ ናቸው። የማሽኑ ጊዜ ለሦስት ተከፈለ። ሲሶው ለኤምአይቲ፣ ሲሶው ለራሱ ለአይቢኤም፣ ሲሶው ደግሞ ኒው ኢንግላንድ በተባለው የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ላሉ ሌሎች ኮሌጆች። እኔን የሚገርመኝ ይህ የመጨረሻው ሲሶ ነው። ማሽን መግዛት የማይችሉ ትንንሽ ኮሌጆች ውሉ ውስጥ ከመጀመሪያው ገቡ።

ሊስፕ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተወለደው በዚያ 704 ላይ ነው። ወረፋው ግን ያማርር ነበር፤ ፕሮግራምህ የተበሳበትን ካርድ ሰጥተህ ውጤትህን ለሰዓታት ትጠብቃለህ። እ.ኤ.አ. በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶ ብዙ ሰው አንድን ማሽን በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ዘዴ እዚያው ማዕከል ውስጥ ያሳዩት ከዚህ ምሬት ተነስተው ነው።

ተራ ማውጣትን እኛም እናውቅበታለን። መርዓዊ አካባቢ ያሉ የመስኖ ገበሬዎችን ጠይቁ። የውሃ አባት አለ። ከላይ ያለው እርሻ ጠግቦ ከታች ያለው እንዳይደርቅ ቀንና ሰዓት ቆርጦ ይሰጣል። የኮምፒውተር ማዕከልም እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገዋል።

ከውጭ አጋር ጋር መሥራትም ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። «ፖሊ» የምንለው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ራሱ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው።

ስለዚህ ውሉ ሲረቀቅ እንዲህ ይባል እላለሁ። ሌሊቱ ለኩባንያው ይሁን፤ የእሱ ሥራ ተማሪ ሲተኛ ሊሄድ ይችላል። ከቀኑ ላይ ለደብረ ታቦርና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለወረታ ግብርና ኮሌጅም ድርሻ ይቆረጥ። ዛሬ በኔትወርክ ከሩቅ መግባት ስለሚቻል ማንም ባሕር ዳር ድረስ መምጣት የለበትም። መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን እንደሚገዛ፣ የቴክኒሻኑን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል በስም ይጻፍ። ኩባንያው ሲወጣ ማሽኑ የማን እንደሚሆንም እንዲሁ።

ከዚያ ድልድሉ በሩ ላይ ይለጠፍ። ጣና ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ከሳተላይት ምስል ለመለካት የሚደክም የዩኒቨርሲቲው የዘንዘልማ ግቢ ተማሪ፣ ሐሙስ ከሰዓት የእሱ መሆኑን ከዚያ ያንብብ። ቁልፍ ፍለጋ አይንከራተት።