የዳታቤዝ ስሪት የሚከታተለውና የኩዌሪ ፍጥነት የሚለካው አንድ ሰው ይሁን

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት የሽያጭ መዝገቡን የያዘውን ፖስትግረስ ዳታቤዝ ከ11ኛው ስሪት ወደ 14ኛው ያሳደግነው ቅዳሜ ሌሊት ነበር። ሥራው ከፈራነው በላይ ቀልሎ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ፤ ሰርቨሩ ተነሣ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ እኛም ወደየቤታችን ገባን። ሰኞ ጠዋት ከሂሳብ ክፍል አንዲት ወይዘሮ ደውለው፣ «እናንተ ልጆች፣ ምን ነካካችሁ? የወሩን ሪፖርት አዝዤ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ፤ አሁንም ይዞራል» አሉን። ዐርብ ዕለት በአራት ሰከንድ የወጣ ሪፖርት ነው። ደንግጠን የክትትሉን ስክሪን ስንከፍት የኩዌሪዎቹን፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች፣ ጊዜ የሚያሳየው መስመር ዜሮ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። በስክሪኑ አነጋገር ከሆነ ዳታቤዙ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም።

ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተበላሽተው ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ አስቀድመው የተጻፉ ነበሩ። ፖስትግረስ አንድን ኩዌሪ በየትኛው መንገድ እንደሚፈጽም የሚወስነው ፕላነር የሚባለው ክፍሉ፣ በየሠንጠረዡ ስንት ረድፍ እንዳለና እሴቶቹ እንዴት እንደተሰራጩ የሚናገር ስታቲስቲክስ ያስፈልገዋል። እኛ የተጠቀምንበት የማሳደጊያ መሣሪያ፣ ፒጂ አፕግሬድ፣ በዚያ ዘመን ይህን ስታቲስቲክስ ይዞ አይሻገርም ነበር፤ ሲጨርስ «አሁን አናላይዝ አድርጉ»፣ ማለትም ስታቲስቲክሱን እንደገና ሰብስቡ፣ ብሎ ያሳስባል እንጂ ራሱ አያደርገውም። ማሳሰቢያውን አላነበብነውም፤ ፕላነሩም በጭፍን ገመተ። ሁለተኛው ነገር የኩዌሪዎችን ጊዜ የሚቆጥረው ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የተባለው ሞጁል ነው። በ2020 በወጣው በ13ኛው ስሪት የማቀጃ ጊዜ፣ ማለትም ፕላነሩ መንገዱን ለመምረጥ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ለብቻው መቆጠር በመጀመሩ፣ «ቶታል ታይም» ይባል የነበረው ዐምድ «ቶታል ኤክሴክ ታይም» ተብሏል። ሞጁሉን አብረን ስናድስ በአሮጌው ስም የሚጠይቀው የክትትል ስክሪፕታችን ስህተቱን ውጦ ዜሮ ይጽፍ ጀመር።

በየመሥሪያ ቤቱ የማየው የሥራ ክፍፍል ይህን ዓይነቱን አደጋ የሚጋብዝ ነው። ስሪቶችን መከታተል የሰርቨር ክፍሉ ሥራ ሲሆን፣ የኩዌሪ ፍጥነት ግን ተጠቃሚ ሲጮህ ብቻ የሚነሣ የፕሮግራመር ጉዳይ ነው። አንደኛው የስሪት ማስታወሻውን ሲያነብ የትኞቹ ኩዌሪዎች ቤቱን እንደተሸከሙት አያውቅም፤ ሌላው ኩዌሪዎቹን ቢያውቅም ማስታወሻው መውጣቱን አልሰማም። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ፣ ያ ባይቻል እንኳ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለባቸው እላለሁ።

ለዚህ ዋናው ምክንያቴ የመለኪያው ትዝታ የሚጠፋው በጣም በምንፈልገው ሰዓት መሆኑ ነው። በፒጂ አፕግሬድ ወደ አዲስ ዋና ስሪት ስንሻገር ያ ሞጁል ለወራት ያጠራቀመው ቆጠራ ከአሮጌው ዳታቤዝ ጋር ይቀራል። ኩዌሪውን የሚለየው ቁጥርም ከአንዱ ዋና ስሪት ወደ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል ብሎ መተማመን እንደማይቻል የፖስትግረስ መመሪያ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከመሻገሩ በፊት ቆጠራውን ከነኩዌሪው ሙሉ ጽሑፍ ገልብጦ ሌላ ቦታ ያላስቀመጠ ሰው፣ በማግሥቱ «ድሮ ስንት ነበር?» ሲባል መልስ የለውም። ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ፕላነሩ የመረጠውን መንገድ፣ ማለትም የኤክስፕሌይን ውጤቱን ማስቀመጥ ይገባል፤ አራት ሰከንዱ አርባ ደቂቃ ሲሆን ለምን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነውና። ሲጫን የሚመጣውን ቅንብር ታምኖ መቀመጥም አያዋጣም፦ ፖስትግረስ ቀርፋፋ ኩዌሪዎችን የሚመዘግብበት ቅንብር ካልከፈቱት ዝግ ነው፤ ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤልም ቢከፍቱለት እንኳ፣ ወሰኑ ካልተቀየረ፣ ከ10 ሰከንድ በታች የፈጀውን ቀርፋፋ አይለውም።

አዲስ ስሪት እንጫን ስንል «የሚሠራውን ለምን እንነካካለን?» የሚለውን መልስ ከአለቆች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም ፖስትግረስ አንዱን ዋና ስሪት የሚደግፈው ለአምስት ዓመት ያህል ነው፤ 13ኛው በኖቬምበር 2025 አብቅቶለታል። ጥቃቅን ማስተካከያዎቹ በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ይወጣሉ። እነዚህም ቢሆኑ ይሳሳታሉ፦ ኖቬምበር 14 ቀን 2024 የወጣው 17.1 የአንድ ውስጣዊ መዋቅር መጠን በመለወጡ ቀድመው የተገነቡ አንዳንድ ኤክስቴንሽኖችን (ተጨማሪ ሞጁሎችን) ለችግር ዳረገ፤ ማረሚያው 17.2 በሳምንቱ፣ እኛ ሕዳር ሚካኤልን በምናከብርበትና ቆሻሻው በየደጁ በሚታጠንበት ዕለት ወጣ። ነገር ግን ያው 17.1 የደኅንነት ቀዳዳዎችንም የደፈነ ነበር። ሳምንት መቆየትና ዓመት መተኛት ለየቅል ናቸው፤ ስንት ቀን መቆየት እንደሚበቃ የሚያውቀውም ዝርዝሩን እየተከታተለ ያነበበው ሰው ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። በአገራችን በርካታ ድርጅቶች የያዙት የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያው ኦዱም ሆነ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓቱ ዲኤችአይኤስ 2 የሚቆሙት በፖስትግረስ ላይ ነው። ሶፍትዌሩን የገዛ ወይም ያስተከለ ሁሉ፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ባለ ዳታቤዝ ሆኗል።

አዳዲሶቹ ስሪቶች ሸክሙን እያቀለሉ መሆናቸውን መካድ አይገባም። በሴፕቴምበር 2025 በወጣው በ18ኛው ስሪት ፒጂ አፕግሬድ አብዛኛውን የፕላነሩን ስታቲስቲክስ ይዞ ይሻገራል፤ የእኛ የዚያ ሰኞ ግማሽ መከራ በዚህ ይቀር ነበር። ሆኖም ማሻሻያ ሁሉ ለሁሉም ኩዌሪ ማሻሻያ አይሆንም። በ2019 12ኛው ስሪት «ዊዝ» ብለው የሚጀምሩ ንዑስ ኩዌሪዎችን ከዋናው ጋር አዋህዶ ማቀድ ሲጀምር ብዙዎቹ ፈጠኑ፤ አንዳንዶቹ ግን ቀድሞ ንዑስ ኩዌሪውን ከዋናው ለይቶ ያስፈጽም በነበረው አጥር ላይ ተማምነው የተጻፉ ስለነበሩ ተጎተቱ። መድኃኒቱ «ማቴሪያላይዝድ» የሚል አንድ ቃል መጨመር ነበር፤ የት እንደሚጨመር ለማወቅ ግን የትኛው ኩዌሪ እንደተጎተተ ማወቅ ይቀድማል።

ከዚያ ወዲህ ወደ 17ኛው ስንሻገር፣ ከባዶቹን ሃያ ኩዌሪዎች ከነጊዜያቸው አትመን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸውና በዳታቤዙ ቅጂ ላይ አንድ በአንድ አስኬድናቸው። አሥራ ዘጠኙ እንደነበሩ ወይም ፈጥነው ሲገኙ አንዱ ከሁለት ሰከንድ ወደ ሃምሳ ዘለለ፤ ፕላነሩ ሌላ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) መርጦ ኖሯል። አለቃችን እያጉረመረሙም ቢሆን ቀኑን በአንድ ሳምንት አራዘሙልን።